የስለት ቁንዳላ

እናቴ ስትሳል ቃሏን የማትመዝን ሴት ነበረች። ዶሮዋ ብትታመም ሻማ ትሳላለች፤ ላሟ ብትጠፋ ዕጣን ትሳላለች። እኔ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ዛሪማ ቆላ ወርጄ፣ ንዳድ ይዞኝ በበቅሎ ተጭኜ ወደ ደባርቅ በተመለስሁ ጊዜ ግን ሻማውም ዕጣኑም አነሰባት። ከራስጌዬ ቆማ ለደብራችን ታቦት፣ «ልጄን አንሣልኝ እንጂ፣ ሚስት እስኪያገባ ድረስ ራሱን ምላጭ አይነካውም። ያገባ ዕለት ጸጉሩን በነጠላዬ ቋጥሬ ከደጅህ አመጣለሁ» አለች። እኔም አሜን ያልሁ ይመስለኛል። ንዳድ የያዘው ሰው ምን የማይለው አለ።

ዳንሁ። ጸጉሬም አብሮኝ ዳነ፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሱ ወፈረ። የኔ ጸጉር ድሮም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሚዶ ሲገባበት የሚዶው ጥርስ ይቀራል እንጂ ጸጉሩ አይበጠርም። የእናቴ ታናሽ፣ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሹሩባ የምትሠራው አክስቴ፣ ሦስተኛው ሚዶ ከተሰበረ በኋላ እጇን አጣጥፋ ተመለከተችኝ።

«ይህ ጸጉር መበጠር አይፈልግም» አለች። «መጠቅለል ነው የሚፈልግ። የፈለገውን እንስጠው።»

ዛሬ ልጆቹ ድሬድ ይሉታል፤ ከሱቅ በጠርሙስ ቅባት እየገዙ ሲንከባከቡት አያለሁ። እኛ ቁንዳላ ነው የምንለው። አክስቴ ከቤቱ ጓሮ በርጩማ ላይ ታስቀምጠኝና በእንዶድ ታጥበኛለች። እንዶድ ዓይን ውስጥ ሲገባ ሰው የዘመዱን ውለታ ይረሳል። ፀሐይ ላይ ካደረቀችኝ በኋላ በወስፌ ጸጉሬን ትከፍላለች፤ ከዚያ ለጋ ቅቤ በመዳፏ ይዛ እያንዳንዱን ከሥሩ እስከ ጫፉ እንደ ፈትል ታሾረዋለች። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው የሚሾረው፤ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ከተደረገ ይፈታል። ይህን እሷ እያጉረመረመች ስትናገር ነው የተማርሁት። በዚያ የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ፣ «እንዴት ነሽ እሙሽራዬ!» እያለኝ ያልፋል።

ደባርቅ ብርድ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ሲጥል ቅቤው ጸጉሬ ላይ ይረጋል፤ ስራመድ ቁንዳላዬ እርስ በርሱ እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ስትጠነክር ደግሞ ይቀልጥና በአንገቴ በኩል ወደ ጀርባዬ ይወርዳል። የመንደሩ ውሾች ከኋላዬ አይጠፉም ነበር። ፍቅር መስሎኝ ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ ቅቤውን እናስቀር ወይስ አናስቀር ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ራስ አይጾምም ብለናል። አንድ ቀን ሳርስ ፀሐይዋ በረታችና አንዲት ጠብታ ከግንባሬ ተንከባልላ ከንፈሬ ላይ ዐረፈች። ሞፈሩን ጥዬ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሮጥሁ።

«አባቴ፣ ቅቤ ቀመስሁ።»

«በሁዳዴ? ከየት አግኝተህ?»

«ከራሴ።»

ጸጉሬን አዩት። ጢማቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ጠረግኸው ወይስ ላስኸው?»

«መጀመሪያ ላስሁት፣ ኋላ ጠረግሁት።»

«ስለ ላስኸው ስገድ። ስለ ጠረግኸው እግዜር ያውቃል። ከእንግዲህ ሁዳዴ ሲገባ ቅቤው ከራስህ ይውረድ።»

ወረደ። ጸጉሬ ደረቀ፣ አቧራ ጠጣ፣ አመድ መሰለ። ጣጣዬም ከዚህ ጀመረ።

አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስላረፈ ሚስት የሚፈልግልኝ አጎቴ ነበር። ለበርኖስ የሚሆን ጸጉር ከበግ እየሸለተ የሚኖር፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከዳባት በኩል አንዲት ልጅ አገኘና እናትየዋ በደባርቅ ገበያ እንድታየኝ አደረገ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በትሬን ይዤ ከጨው ተራ ቆምሁ። ሴትዮዋ መጣች፤ አየችኝና ያዘለችውን አውርዳ ከጉልበቴ ተደፋች።

«አባቴ፣ ይባርኩኝ! ላሜ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወለደችም፣ ጸሎትዎ አይለየኝ!»

«እናቴ ይነሡ፣ እኔ ባህታዊ አይደለሁም።»

«ትሕትናዎ! ትሕትናዎ!» እግሬን ለቀቅ አላደረገችም። ከጨው ነጋዴዎቹም ሁለቱ ተነሥተው ቆብ አወለቁ።

ላብ አጠመቀኝና፣ «የመጣሁት ልጅዎን ላገባ ነው» አልኋት።

ቀስ ብላ ተነሣች። አፈሩን ከቀሚሷ አራገፈች። «የመነነ ሰው ሚስት ይጠይቅ ጀመር?» አለች ለገበያው ሁሉ። «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ በሉኛ!»

አጎቴ ከበግ ተራ ሆኖ ሁሉን አይቷል። «በፋሲካ እንሞክራለን፤ በቅቤ» አለኝ።

ከፋሲካ በኋላ አክስቴ አንድ ቅል ቅቤ ጨረሰችብኝ። ጸጉሬ ከሩቅ ያብለጨልጫል። በዚህ ጊዜ ሊያየኝ የመጣው ከቡይት ራስ በኩል የሚኖር፣ ገብስ አምራች፣ ረጅም፣ ለነገሩ የማይቸኩል ሰው ነበር። ከአህያው ጭነት ሲያወርድ ወደ እሱ ስሄድ አየኝና እጁን ከጆንያው አንሥቶ ወደ ጠመንጃው ወሰደ። በእኛ አገር ጸጉሩን አሳድጎ ቅቤ የሚቀባው ሽፍታ ነው። አጎቴ መሐል ገብቶ ባያስረዳው ኖሮ የሰርጌ ነገር በለቅሶ ባለቀ ነበር። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «ለሽፍታ ልጅ አልሰጥም» አለ።

እንግዲህ ቅቤ ካልተቀባሁ ባህታዊ፣ ከተቀባሁ ሽፍታ ሆንሁ። ለአንዱም ሚስት አይሰጥም።

ጋቢዬን ሰብስቤ ልሄድ ስል ከኋላዬ አንዲት ልጅ፣ «ይህን የኋላውን ማን ነው የጠቀለለው?» አለች። ዞር አልሁ። የሰውየው ልጅ ናት፤ የፈተለችውን የበግ ጸጉር ይዛ ለሽያጭ መጥታለች። አባቷ ወዲያ ዞሮ አህያውን ያስራል።

«አክስቴ ናት» አልሁ።

«ዓይኗ ደክሟል መሰለኝ። ሁለቱ ተጣብቀዋል፤ ይኸኛው ደግሞ ወደ ግራ ነው የዞረ።»

«አንቺ ብትጠቀልይው ይቀና ይሆን?»

«እኔ የምጠቀልለው የቤቴን ሰው ብቻ ነው» አለችና ሄደች። አንድ ጊዜ ዞር ያለች መስሎኛል። አጎቴ አልዞረችም ይላል።

የዚያን ዕለት ማታ ለአጎቴ፣ «ያችን ልጅ ካላገባሁ እውነተኛውን ባህታዊ እሆናለሁ፤ ጸጉሩ እንደሆን ተዘጋጅቷል» አልሁት። ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። ሽማግሌ ይዞ ወጣ። ተመልሶ የነገረን እንዲህ ነው፤

«ጸጉሩን ተቆርጦ ይምጣ፣ ልጄን ይውሰድ አለ። ካላገባ አይቆረጥም፣ ስለት ነው አልነው። ካልተቆረጠ አያገባም፣ ቃሌ ነው አለ። ያ ጸጉር የቤቴን ደፍ አይሻገርም ብሎ ማለብን።»

እናቴን ለመንናት። «ከታቦት ጋር የተነጋገርሁትን ከገብስ አራሽ ጋር ልደራደርበት ነው?» አለች። የንስሐ አባታችንን ስለቱን እንዲፈቱ ጠየቅናቸው። «የተሳለችው ለእኔ አይደለም፤ የተቀበለውን ጠይቁት» አሉ። ክረምቱ እንዲህ ገባ። መስከረም ሲጠባ ከዳባት አንድ ባለ ብዙ በሬ ያችኑ ልጅ ማስጠየቁን ሰማሁ። ራሱ መላጣ ነው አሉ። እህል አልበላ አለኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የድንበር ክርክር ሲዳኝ ያረጀ፣ ዓይኑ የማያይ ሰው ነበር። ሁለቱን ቃል እየደጋገመ አስነገራቸው፤ በመጨረሻ በበትሩ መሬት ላይ አሰመረ። «እናትየዋ እስኪያገባ ነው ያለች። ሰው የሚያገባው ሲምል ነው። አባትየው ደፌን አይሻገርም ነው ያለ። መሐላው ግቢ ውስጥ ይሁን። ከመሐላው በኋላ፣ ከደፉ በፊት ይሸለት። ድንበሩ ይኸው ነው።» ሁሉም አጨበጨበ። የልጅቱም አባት፣ «ይሁን» አለ።

በጥር ሰርጉ ሆነ። እናቴና አክስቴ ግን በዚያ ጠዋት ምን እንዳሰቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያው ቀን ለሚሸለት ራስ የቤቱን ቅቤ ሁሉ ቀቡት። ልጃቸው በሰርጉ ቀን ደረቅ ጸጉር ይዞ ይውጣ? ስንጓዝ ውርጩ ቅቤውን አረጋው፤ ከሙሽሪት ግቢ ስንደርስ ራሴ እንደ ቀንድ ጠንክሯል።

ማልን። እልል ተባለ። የሙሽሪት ዘመዶች በሩን ዘግተው ቆሙ፤ ልማድ ነው፣ የዚያን ቀን ግን የእውነት ነበር። ሸላቹ ያው አጎቴ ነው፤ መቀሱን አወጣ፣ ቁንዳላዬን ያዘ፣ ጨመቀ። መቀሱ ተንሸራተተ። ደገመ። መቀሱ ከእጁ አምልጦ ከሚዜዬ እግር ሥር ወደቀ።

«ቁም!» አለኝ።

«ቆሜያለሁ።»

«እንዲህ ቆሞ የሸለትሁት ፍጡር የለም። ተኛ።»

«በነጭ ልብሴ?»

እንደለመደው እግሬን ጠልፎ በጎኔ ጣለኝ፤ አንገቴን በጉልበቶቹ መሐል አጣበቀ። የሙሽሪት ዘመዶች ሁሉ እያዩ፣ ሙሽራው በግ ሆኖ ግቢው መሐል ተኛ። አንዱ ሚዜዬ ቀስ ብሎ፣ «በእ» አለ። ከዚያ ማን ያቁመው። አጎቴ ቅቤ እስከ ክንዱ ደርሶ አንድ ጎኑን ጨረሰ፤ ሌላውን ሊጀምር ሲል መቀሱ ቅቤው ውስጥ ነክሶ ቀረ፤ አይከፈት አይዘጋ። ፀሐይዋ ዘመመች። ከውስጥ የወጡ ጎበዛዝት፣ «ወጡ ቀዘቀዘ!» ይላሉ። የልጅቱ አባት በሩ ላይ ቆሞ ግማሽ ራሴን ያያል፤ ፊቱ አይስቅ አይቈጣ። «ቃሌ ቃል ነው» አለ። «ግማሹም ጸጉር ነው። ካልሆነ ሌላ ቀን ይምጣ።»

ሌላ ቀን። ከዳባት ያለው መላጣ ታየኝ። ከመሬት ሆኜ እናቴን አየኋት፤ ነጠላዋን ዘርግታ፣ የተቆረጠውን ይዛ ታለቅሳለች።

ያን ጊዜ ከቤቱ ውስጥ ሙሽሪት ተናገረች። ሙሽራ አይናገርም፤ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«አባባ፣ ጸጉሩ ነው ደፉን አይሻገርም ያሉት?»

«አዎ።»

«የእኔንስ መሻገር ከልክለዋል?»

አባትየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት እንደ ተከናነበች ደፉን ተሻግራ ወጣች። ሚዜዎቹን አልፋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ራሴን ከአጎቴ ጉልበት ነጥቃ በጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«አንድ ቅርጫት የገብስ ዱቄት አምጡልኝ» አለች። «ሙቅ ውኃም። ቅቤን በብረት ይዋጉታል እንዴ?»

ዱቄቱን ራሴ ላይ ነሰነሰችና አሸችው። ዱቄቱ ቅቤውን ሲጠጣ፣ እየጠቀለለች ስታራግፈው ጸጉሬ ደረቀ። መቀሱን በሙቅ ውኃ አስለቀቀች። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ከሥሩ፣ ሳትቸኩል ቆረጠችው፤ እያንዳንዱንም ለእናቴ አቀበለች። ያ ገብስ አራሽ አባቷ ከበሩ ወርዶ ቅርጫቱን ያዘላት።

የመጨረሻው ሲወድቅ ብርዱ ራሴን መታው። እሷ ክንብንቧን ትንሽ ገለጥ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ጆሮህ ትልቅ ነው ለካ» አለች።

እውነቷን ነው። ይህን ያህል ዓመት ከቁንዳላው ሥር ተደብቆ ኖሯል፤ እኔም ረስቼው ነበር። «መልሼ ላሳድገው?» አልኋት።

«ተወው፣ እለምደዋለሁ» አለችና ዱቄቱን ከትከሻዬ አራገፈች። «ግባ አሁን፣ ይበርድሃል።»

አባቷ ቅርጫቱን አስቀምጦ ዘመዶቹን ከበሩ ዘወር አደረጋቸው። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ ገባን።