ያቺን ሞተር ማን አስነሣት?

ለጽሕፈቴ ይቅርታ። ስምንተኛ ክፍልን በመከራ ነው የጨረስሁት፤ ፊደሎቼ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ግድፈትም አይጠፋም። ልናገር ስል ግን አፌ ስለሚተሳሰር መጻፉ ይሻለኛል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ብቻዋን በሞተር ከጎንደር መጥታ ደባርቅ ከእናቴ ሻይ ቤት በር ላይ ቆመች። የሊማሊሞን ቁልቁለት ጉም ሳይሸፍነው ወርዳ ቆላ ማደር ነበረባት።

«እዚያ ታች ደረቅ ተራራና ድንጋይ ብቻ ነው» አለችኝ። «የማን ልጅ ነሽ የሚለኝ የለም።»

ሻይዋን እየጠጣች የሞተሯን ዕቃ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። እኔን እንዲህ አክብሮ ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

ልትሄድ ስትል ሞተሯ ጥቂት አጉረምርማ ጠፋች፤ ዳግመኛም አልነሣ አለች። የሰፈሩ ወንዶች ወዲያው ከበቧት።

«እስኪ አንድ ጊዜ ልያት» አለች ሴትዮዋ።

«ዞር በይ እህቴ፣ እንዳትቆሽሺ!» አሏት፣ አቧራ የጠገበ ልብሷን እያዩ።

የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ሙላው ከበቅሎ በቀር ነክተው አያውቁም። «ምነው ሞተሯን ታስጨንቋታላችሁ? ዳገቱ ወገቧን ጎድቷት ነው። ጭነቷን አራግፉላትና ትረፍ» ብለው ፈረዱ። አራገፉላት። አሳረፏት። ከዚያ ላብ እስኪያጠምቃቸው ገፏት።

ደክሟቸው ሲቀመጡ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አንዲት ትንሽ መዘውር አዞረችና አስነሣቻት። ጭነቷን መልሳ አስራ ቁልቁል ወረደች።

«አየሽ፣ ዕረፍት ነው የጎደላት» አሉኝ አያ ሙላው። ዛሬም ለሰው ሁሉ ይህንኑ ያወራሉ።

እኔም ሻያቸውን እቀዳላቸዋለሁ። ቤንዚን የምትዘጋዋን መዘውር ሴትዮዋ አሳይታኝ ነበር። እኛ ቤት እንድታድር ብዬ የዘጋሁባት እኔ ነኝ።