ከል የለበሰው የእንጨት ፈረስ

ከአዲስ አበባ

አንድ የውጭ አገር ሰው አዲስ አበባ ላይ ከፍቶት የነበረው የልጆች መጫወቻ ስፍራ ከተዘጋ ወዲህ፣ የቀድሞው ትኬት ቆራጭ እኔ የተበተነውን ዕቃ እለቅማለሁ። ልጆች ተቀምጠውበት ይዞር ከነበረው ሽክርክሪት የእንጨት ፈረሶች አብዛኞቹ ማገዶ ሆነዋል። አንዱን ቡታጅራ ውስጥ ከአንድ ሻይ ቤት በራፍ ላይ እግር አልባ ሆኖ አገኘሁት። ቀይና ወርቃማ ቀለሙ ያልተነካ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም ሽክርክሪቱን ያዞር የነበረው ወልዴ ወደ አገሩ ወደ ቸሃ ይዞት ገብቷል። ያን ፈረስ ለምኜ ላመጣ በወልቂጤ አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

ወልቂጤ

አቧራ ጠግበን ደረስን። ቆጮ በአይብ በሃምሳ ሳንቲም በላሁና በቅሎ ተከራየሁ። በቅሎዋ እንደኔ አልቸኮለችም፤ ሣር ባየች ቁጥር ትቆማለች።

ቸሃ

በእንሰቱ መሐል አልፌ ጀፎሮው ላይ፣ ማለትም ከቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ ስወጣ ሕዝብ ሞልቶታል። ሴቶች ሙሾ ያወርዳሉ።

«ማን ሞቶ ነው?» አልሁ።

«ወልዴ ነዋ!»

ክው አልሁ።

እዚያ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶው ላይ ይዞራል። ወልዴ ደግሞ ነፍስ ያለው ፈረስ ኖሮት አያውቅም። ጎረምሶች የእንጨቱን ፈረስ በወሳንሳ ተሸክመው መጡ። ጥቁር ነው! ቀለሙን በአሸዋ ፍቀው፣ ጥላሸት በቅቤ ለውሰው ከጆሮው እስከ ኮቴው ቀብተውታል።

«ምን አደረጋችሁት?» ብዬ ጮህሁ።

የወልዴ ወንድም በመገረም አየኝ። «እኛ ሁላችን ከል ለብሰን፣ እሱ ቀይ ለብሶ ይዙር እንዴ?»

ጩኸቴን የሰማችው የወልዴ ሚስት ሰዉን እየገፋች መጥታ እጄን ያዘችኝ። ጩኸቴ ለባሏ መስሏታል።

«የአዲስ አበባው ጓደኛው መጡለት!» አለች። «ልጓሙን እርስዎ ይያዙለት ጌታዬ። እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር እዚህ ያየለት የለም።»

ለፈረሱ እንጂ ለወልዴ እንዳልመጣሁ በምን አፌ ልንገራት? ልጓሙን ያዝሁ። ስንዞር፣ ወልዴ ልጆቹ እንዳይወድቁ አንድ እጁን ዘርግቶ ሽክርክሪቱን ሲገፋ ታየኝና ሳላስበው አለቀስሁ።

መመለሻ

ስሰናበት ሚስቱ፣ «ተዝካሩ ሲያልፍ ከፈለጉ ይውሰዱት» አለችኝ። አይሆንም አልኋት።

መንገዱን ሁሉ በራሴ ስናደድ መጣሁ። የፈረሱን ቀለም ስጠይቅ ኖሬ የሰውየውን ጤና አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ዕቃ መልቀሙን አልተውሁም፤ አሁን ግን መጀመሪያ የማፈላልገው በሕይወት ያሉትን ባልደረቦቼን ነው።

ባዶ እጄን ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ፈረሱስ?»

«ለቅሶ ተቀምጧል» አልኋት።