ያልተቀረጸው ብልቃጥ

ልጅ ሆኜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከትምህርት ቤት መልስ የምቆየው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በጋሼ ደስታ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነበር። እናቴ አጠገቡ ካለው ምግብ ቤት ሥራዋን ጨርሳ ስትወስደኝ መሸት ይላል። ደርግ ገና ሥልጣን ላይ ነበር። ጋሼ ደስታ አዲስ አበባ ከአባቴ ጋር ታስረው እሳቸው ተፈተዋል። አባቴ የት እንዳለ አናውቅም፤ የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር።

ሲመሽ ጋሼ ደስታ የጠረጴዛውን መብራት አብርተው፣ ሲጋራቸውን ለኩሰው፣ ስለ አባቴ ይተርኩልኝ ነበር። አንድ ቀን አባቴ የእስር ቤቱን ዘበኞች በቀልድ አሥቆ ዳቦ ያስመጣል፤ ሌላ ቀን በዝናብ የእስር ቤቱን ግንብ ዘሎ ሱዳን ይገባል። በማግስቱ ግንቡ ይረዝማል፣ ዝናቡም ይብሳል። ለእናቴ ስነግራት ጫማዋን ታወልቅ ነበር።

መስኮቱ ላይ ጄድ ከሚባል የከበረ ድንጋይ የተሠሩ፣ የጥንት ቻይናውያን ሱረት የሚይዙባቸው ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ ዘንዶና ዓሣ የተቀረጸባቸው፣ በልጅ መዳፍ የሚያዙ። አንዱን ግን ጋሼ ደስታ ከኪሳቸው አይለዩትም፤ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ምንም ያልተቀረጸበት። እያወሩ በመዳፋቸው ያሻሹታል።

አንድ ቀን፣ ይሄን ባዶ ነገር ማን ይገዛዎታል አልኳቸው።

«አንተ ጨቅጫቃ፣ ማን ልሸጥ አለ?» ብለው ብልቃጡን ወደ መብራቱ አነሡት። ብርሃኑ ለስለስ ብሎ አለፈበት። ድንጋዩ ስንጥቅ ካለው፣ የሚቀርጸው ሰው ስንጥቁ ላይ ዘንዶ ያስተኛበታል አሉኝ፤ እንከን ያጣበትን ግን እንዳለ ይተወዋል። «ይሄ የሚደብቀው የለውም።»

እጄ ላይ አኖሩት። የመዳፋቸው ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር።

«ጋሼ» አልኩ፣ «የአባዬንም ታሪክ እንደዚህ፣ ምንም ሳይቀርጹበት ይንገሩኝ።»

ሲጋራቸውን መተርኮሻው ላይ አጠፉት።

«ብርድ ነበር» አሉ። «ዘበኞቹ ስሙን ጠሩ። ኮቱን እኔን አልብሶ ወጣ። አልተመለሰም።»

በሩ ተከፈተ። እናቴ ነበረች። ቀና አላልኩም። ሁለታችንንም አይታ ቦርሳዬን አነሣች።

ጋሼ ደስታ ሲሞቱ ብልቃጡ ለእኔ ደረሰ። ግንቡም ዝናቡም ከልቤ ጠፍተዋል፤ ኮቱ ግን አልጠፋም። ጠዋት ሳነሣው ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ጥቂት ስይዘው ይሞቃል፣ ልክ ሌላ ሰው አሁን ከእጁ አውጥቶ እጄ ላይ እንዳኖረው። የማን እጅ እንደሆነ ራሴን አልጠይቅም።