የኔታ ወልደጻድቅና ፀሐይ ያልነበረባቸው ሦስት ቀናት

የኔታ ወልደጻድቅ ሾላ ገበያ በር ላይ ጃንጥላ ይጠግናሉ። ወሎ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምረዋል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጉባኤ ቤቱ ሲበተን አዲስ አበባ ገቡ፤ የቤተ ክርስቲያን ጥላ መስፋት የለመደ እጃቸው እንጀራ ሆናቸው።

ሰውዬውን የጠላኋቸው በልጄ የተነሳ ነው። ትግስት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ታጠና ነበር። በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. የጥንት አጥንቶችን ዕድሜ ስትማር ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወች። "ወይ ኦሪቱ ዋሽቷል፣ ወይ አስተማሪዬ" አለችኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ጂኦሎጂ ሳስተምር ይህ ጥያቄ ከልጄ አፍ እስኪወጣ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ሦስት እሑድ ሙሉ አስረዳኋት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የኔታ ዘንድ መሄድ ጀመረች።

ጃንጥላ ጠጋኝ ዘንድ!

አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ደህናውን ጃንጥላዬን በጉልበቴ ሰብሬ ከቤቴ ከጉርድ ሾላ ወደ እሳቸው ተነሳሁ። ትግስት የኔታ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

"መምህር፣ ይህ ጃንጥላ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?" አሉ የኔታ ሽቦውን እያገላበጡ።

"ከነፋስ ጋር።"

"ኧረ! በእናንተ ሰፈር ነፋሱም ጠበኛ ነው። እኛ ደግሞ ረቡዕ ላይ ቆመናል። ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው፤ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ታዲያ በምን ተቆጠሩ?"

አላሳለፍኩትም። ከውጭ አገር ሊቃውንት ግማሾቹ ቀኑን ረጅም ዘመን እንደሚሉት፣ ሌሎቹ ደግሞ ትረካው የፍጥረትን ሥርዓት እንጂ ሰዓቱን አይነግረንም እንደሚሉ ዘረገፍኩት።

የኔታ መርፌያቸውን አስቀመጡ። "ድንጋዩን አይታችሁ ምድር ስንት ዓመቷ ነው ትላላችሁ?"

"አራት ቢሊዮን ተኩል።"

"ወይ ጉድ! በምን ታወቀ? እስቲ ቀስ ብለው ይንገሩኝ።"

እንደ ተማሪ አዳመጡኝ። የትርጓሜ መምህር አዲስ ሐሳብ ሲያገኝ አሮጌውን አያፈርስም፤ "አንድም" ብሎ ይቀጥላል። ወደ ልጄ ዞረው እንዲሁ ደረደሩላት፦

"ቀን ያለው ይኸው የምናውቀው ቀን ነው። አንድም፣ መምህር እንዳሉት፣ ዘመን ነው፤ ድንጋዩ ይመሰክራል። አንድም ሥርዓት ነው፤ በሦስቱ ቀን ቤቱን ሠራ፣ በሦስቱ ነዋሪውን አስገባ።"

ትግስት ጻፈች። የኔኑ ቃል!

"ይህን እኮ ቤት ነግሬሻለሁ!" አልኳት፤ ድምፄ ከፍ አለ።

"አባዬ፣ አንተ ስትነግረኝ ነገሩ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ምን ልጠይቅህ?"

የኔታ አንገታቸውን ደፍተው መስፋት ቀጠሉ። ምነው በሳቁብኝ! ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም አንድን ተማሪ "ቀስ ብለህ ንገረኝ" ማለቴን አላስታውስም።

"በሚመጣው ቅዳሜ የጥፋት ውሃን እንጀምራለን፤ ብቅ ይበሉ እንጂ" አሉ ጃንጥላዬን እየሰጡኝ።

ትግስት ቀና ብላ አየችኝ። እንድመጣ የፈለገች መሰለኝ።

"ሥራ አለብኝ" አልኩ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር።