ቡታጅራ ላይ ሐኪም ልሆን የገባሁበት ዓመት

ሐኪም ልሆን የቡታጅራ ሐኪም ቤት የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ የትምህርት መሣሪያ ባልዲ ነው። ራሴን ተላጭቼ፣ ያለችኝን አንድ ሸሚዝ አጥቤ፣ ደብተርና እርሳስ በብብቴ ይዤ በማለዳ ከጣሊያን ሐኪም ቤት ግቢ ደረስኩ። ቡሉቅባሹ ደብተሬን አየና ሳቀብኝ። "እሱን አስቀምጠው፤ መጀመሪያ ይሄን ድፋ" አለና ሽንትና መግል የሞላ ባልዲ አቀበለኝ። ደፋሁ። ሦስት ወር ሙሉ ደፋሁ።

ቡሉቅባሽ ጣሊያን ለአገሬው ወታደር የሚሰጠው ማዕረግ ነው፤ ሃምሳ አለቃ እንደማለት። የኛው ከአስመራ በኩል ከጦሩ ጋር የመጣ፣ ብዙ ዓመት ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው ነበር። ከሱ በላይ ሐኪሙ አለ፤ ማዕረጉ ቴነንቴ፣ በኛ መቶ አለቃ፣ ወጣት፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ። ስሙን አልጠራውም። ከዚህ ዓለም ከሄደም ፈጣሪ ይቅር ይበለው፤ እኔ ግን ይቅር ለማለት አልቸኩልም።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። አገሬ አገና አጠገብ ነው። ፊደልና የላቲን ጽሑፍ በሰፈራችን ከነበሩ የሚሲዮን ካህናት ተምሬያለሁ። ጣሊያን የጅማን መንገድ ሲሠራ ወልቂጤ ወርጄ ድንጋይ ፈላጭ ሆንኩ። ጣሊያንኛውንም ከካፖው፣ ከሠራተኞቹ አለቃ፣ ስድብ እየለቀምኩ ተማርኩት። አንድ ቀን የአስተዳደሩ ጸሐፊ፣ የሰሜን ሰው ነው፣ ማንበብ የምንችለውን ሰብስቦ ቡታጅራ ላይ ሕክምና የሚማሩ ወጣቶች እንደሚፈለጉ ነገረን። ትምህርቱ አንድ ዓመት ነው፤ አንደኛ የወጣው አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያ ጨርሶ ዶክተር ይሆናል አለን። በዕድሜዬ እንደዚያ ልቤን የመታኝ ወሬ የለም። ሁለት ወንድሞቼ በአንድ ክረምት በወባ ሲሞቱ ያየሁ ሰው ነኝ። ሐኪም መሆን ለኔ ጌጥ አልነበረም።

ማመልከቻ ጻፉ ተባልን፤ ጻፍን። እኔ ሦስት ጊዜ ገልብጬ ነው የሰጠሁት። ከዚያ ተሰልፈን ጥርሳችንንና እግራችንን አዩ፤ በቅሎ ሲገዛ እንደሚደረገው ማለት ነው። ከአንድ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አስነበቡኝና "በቃ" አሉ። አራት ሰዎች ተመረጥን። ሐኪም ለመሆን የሚበቃ ጥርስና እግር ነበረኝ ማለት ነው።

ቡታጅራ ስደርስ የሐኪም ቤቱ ትምህርት ገና አልተጀመረም፤ ሁለት ወር ጠብቁ ተባልን። የት ልደር? አባቴ ከአገና ገበያ የሚያውቋቸው ጋሽ ከድር የሚባሉ የመስቃን ገበሬ ነበሩ፤ በርበሬ ይዘው እየመጡ ቆጮ ገዝተው ይመለሱ ነበር። ቤታቸው ከቡታጅራ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሄጄ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሁለት ወር አኖሩኝ። በዚያ ቤት በግ በታረደ ቁጥር ለኔ አይብና ጎመን ለብቻ ይቀርባል፤ ክርስቲያን ነኝና የነሱን እርድ እንደማልበላ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ "ሐኪማችን" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱን እወደው ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ትምህርቱ ሁለት ዓይነት ነበር። ቴነንቴው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሰው አፅም የተሳለበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በዱላ እየነካ የአጥንቶችን ስም ያስጠናናል። ፌሞሬ፣ ቲቢያ፣ ኮስታ። ለምን እንደሚጠቅመን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ጥያቄ የሚጠይቅ አገሬው እንደማይወደድ ቶሎ ገብቶን ነበር።

እውነተኛው ትምህርት የቡሉቅባሹ ነው። መርፌ እንዴት እንደሚቀቀል፣ ፒንሳ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጋርዛ፣ እናንተ ጎዝ የምትሉት፣ ጥልቅ ቁስል ውስጥ እንዴት እንደሚጠቀጠቅ፣ ፋሻ ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚጠቀለል ያሳየን እሱ ነው። ያገለገለ ፋሻ አጥበን፣ ቀቅለን፣ አድርቀን መልሰን እንጠቀልላለን። ሰውየው ተሳዳቢ ነበር፤ ግን ያወቀውን አይደብቅም። መግል ቢሸት አትደንግጡ ይለን ነበር፤ የሚያስፈራው ሌላ ነው፣ የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል ጣፈጥ ያለ ሽታ፤ እሱ ከመጣ ሥጋው እየሞተ ነው፣ ያኔ ሩጡ፣ ሐኪም ጥሩ።

ጣሊያንኛዬ ከሦስቱ ጓደኞቼ ይሻል ስለነበር ቴነንቴው አስተርጓሚ አደረገኝ። ጧት በሽተኞቹን ሲዞር በግራው እቆማለሁ። አማርኛ፣ የሰባት ቤቱን ጉራጌኛ፣ የመስቃኑንም እሰማለሁ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። አንደኛ የሚወጣው ሰው ስም እዚያው በቴነንቴው ማስታወሻ ውስጥ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ያን ማስታወሻ በዓይኔ ሰርቄ አያለሁ።

አንድ ቀን ከቆሼ በኩል አንዲት ሴትዮ ሳል ይዟቸው መጡ። ስንት ቀን ሆናቸው ሲል ቴነንቴው በኔ በኩል ጠየቃቸው፤ ሁለት ቀን አሉ። እኔ ግን ወረፋ ሲጠብቁ ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ሳሉ ከመስከረም ጀምሮ ነው፣ ደምም ያያሉ፣ ሰው እንዳይርቃቸው ነው የደበቁት። ይህንኑ ጨምሬ ነገርኩት። ቴነንቴው እርሳሱን አስቀመጠ።

"ይሄን እሷ ናት ያለችው ወይስ አንተ?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ፤ ልጃቸው..."

"አንተ አፍ ነህ። ሐኪሙ እኔ ነኝ። አፍ የራሱ ሐሳብ ከኖረው እቀይረዋለሁ።"

ያን ቀን ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ እስከ ምሳ አቁሞኝ ዋለ። ሁለተኛ ብትደግም ስምህን እሰርዛለሁ አለኝ። ሴትዮዋ ሽሮፕ ተሰጥቷቸው ሄዱ።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ጋሽ ከድርን በቃሬዛ ይዘዋቸው መጡ። ዛፍ ሲቆርጡ መጥረቢያው ስቶ ባታቸውን መቷቸው፣ ቁስሉ አምርቅዞ እግራቸው አብጧል። ቴነንቴው ቀደደው፣ መግሉን አወጣው፤ እኔ ጋርዛ ጠቀጠቅኩበት፣ አልጋም ተሰጣቸው። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ለጎረቤት በሽተኛ ሁሉ "ይሄ ሽብሩ ነው፣ የኛ ልጅ" ይሉ ነበር። ሦስት ቀን እኔው ነኝ ያጠብኳቸው።

በአራተኛው ቀን ጧት ፋሻቸውን ስፈታ ያ ሽታ መጣ። ጣፈጥ ያለው። አጠገቤ ማንም አልነበረም። የቁስሉ ዳር ጠቁሯል። አዲስ ጋርዛ አድርጌ አሰርኩትና ለቡሉቅባሹ ልነግር ብሄድ ለጣሊያን ከሚዋጉ የአገሬው ወታደሮች፣ ከቆሰሉ አስካሪዎች ጋር ተጠምዷል። አርበኞቹ በተራራው በኩል ወግተዋቸው በካሚዮን ነበር የመጡት፤ አልጋ አልበቃም። በዙሩ ጊዜ እነግራለሁ ብዬ ተውኩት።

እዚህ ላይ የአገራችንን ወግ ለማያውቅ አንድ ነገር ልበል። በኛ ዘንድ ሰው እንዴት አደርክ ሲባል መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል። እየሞተም ቢሆን። ከዚያ የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ነገር ይነሳል፤ ሕመሙ የሚወጣው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ አመመኝ ማለት ፈጣሪን ማማረር ነው። ይህን እኔ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት።

ቴነንቴው እየተቻኮለ ደረሰ። ፋሻው አዲስ እንደሆነ አየ፤ አልፈታውም።

"እንዴት እንደሆነ ጠይቀው" አለኝ።

ጠየቅኳቸው። ጋሽ ከድር ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ግን ፈገግ አሉልኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና አደራችሁ?"

"ደህና ነኝ ብለዋል" አልኩ።

ቴነንቴው ዓይኔን አየኝ። "የሱ ቃል ነው?"

"የሳቸው ቃል ነው።"

ጻፈ። ድኗል፣ ይውጣ፣ አልጋው ለአስካሪ ይሰጥ። ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ፣ እኔም በግራው ተከተልኩት። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም። አንደኛው የሚለይበት ፈተና ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘይነባ ግቢው በር ድረስ መጡ። ሰውየው ይንቀጠቀጣሉ፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጠቁሯል አሉኝ። ወደ ቡሉቅባሹ ሮጥኩ። ድኗል ተብሎ የወጣ ሰው ያለ ሐኪሙ ፊርማ አይመለስም አለኝ፤ ቴነንቴው ደግሞ ለክትባት ወልቂጤ ሄዷል፣ የሚመለሰው ለፈተናው ቀን ነው። ከዚያ ቡሉቅባሹ ትክ ብሎ አየኝና "ስትፈታው ሸትቶህ ነበር?" አለኝ። አፈርኩ። ጋርዛና አልኮል ይዤ አጥር ዘልዬ መሄድ እችል ነበር። ያለ ፈቃድ የወጣ ተማሪ ይባረራል። ተመልሼ ለእትዬ ዘይነባ፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ አስተኟቸው፣ ሐኪሙ ሲመለስ አምጧቸው አልኳቸው። እሺ ብለው ሄዱ። አምነውኝ።

ፈተናው ደረሰ። አጥንቶቹን አንድም ሳልስት ጠራሁ። አንደኛ ወጣሁ። ማታውኑ የጋሽ ከድርን መርዶ ሰማሁ።

አዲስ አበባ የሚልከኝ ወረቀት በሁለት ሳምንቱ መጣ። ቴነንቴው ጠርቶ አነበበልኝ፤ የተመደብኩት ለአገሬው ሰው በተለየ ሆስፒታል፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ስህተት መስሎኝ፣ የዶክተርነቱ ትምህርት መቼ ይጀመራል ብዬ ጠየቅኩት። አልተቆጣም። የምሩን ገርሞት ነበር።

"ዶክተር? ማነው እንደዚያ ያለህ?"

የወልቂጤው ጸሐፊ አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁም ክፋት አልነበረበትም፣ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። አገሬው ዶክተር የሚሆንበት ትምህርት ቤት የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ "እኔ አዲስ አበባ ይላካል ብያለሁ፣ ይኸው ተልከሃል" አለኝ። ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ የገለበጥኩት፣ ፀሐይ የቆምኩት፣ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ለቅሶ ደረስኩ። እስከዚያ ድረስ ፈርቼ አልሄድኩም። እትዬ ዘይነባ ይሰድቡኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢያደርጉት ይቀለኝ ነበር። አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

"መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ፣ ላምጣልህ ብዬ ለመንኩት" አሉኝ። "እምቢ አለኝ። 'ሽብሩ ቁስሌን በዓይኑ አይቶታል፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ ነበር፣ ተይኝ' እያለ ነው የሞተው። አንተ ስላለህለት ሳይፈራ ሄደ ልጄ። አላህ ይስጥህ።"

መመረቅ ይሉት ነገር እንደዚያ የሚያቃጥል መሆኑን አላውቅም ነበር። አሜን አልኩ። እሳቸውም ሞቱ፣ እውነቱን ሳልነግራቸው።

ጣሊያን ወጣ። እኔ በድሬሰርነት፣ ቁስል እያጠብኩና እያሰርኩ፣ ወልቂጤ ላይ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ። ዶክተር አልሆንኩም። ከኔ በኋላ የመጡ ልጆች ሆኑ፤ ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ያመኛል፣ ሁለቱም እውነት ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ የማስተላልፈው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደህና ነኝ ያለ በሽተኛ ሰላምታ መለሰ እንጂ ሕመሙን አልተናገረም። ፋሻውን ፍቱ፤ ያያችሁትንና ያሸተታችሁትን እዚያው በሽተኛው ፊት ተናገሩ። ከሥራ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ተናግሮ የወጣ ሰው ሌላ ሥራ ያገኛል።