አረንጓዴው ቢላ

የአባዬ ቢላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ጓዳችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። አረንጓዴ ያደረገችው እናቴ ናት። አባዬን በቀበርን በሳምንቱ ከአጥር በሩ የተረፈውን የቀለም ቆርቆሮ ከፈተችና ስለቱንም ጀርባውንም ደራርባ ቀባችው። ምነው ስላት እንዳይዝግ ነዋ አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ ዓይኗ እንዳያየው ነው። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ።

ለምን ተመስገን እንዳልኩ ልናገር። አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቢላውን ቀራንዮ ያለ ቀጥቃጭ ጋ ያሠራው ከራሱ መኪና ከተሰበረ ባሌስትራ ነው። የሰፈራችንን የቅርጫ በሬ በየበዓሉ የሚያርደው እሱ ነበር፤ ግራኝ ስለሆነ ጎረቤቱ ይቀልድበታል፣ እሱ ግን ቢላውን ለማንም አይሰጥም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ያንን ቢላ ሳላስፈቅድ ወስጄ የጣሪያ ቆርቆሮ ቆረጥኩበት። ስለቱ መሀል ላይ የስንዴ ፍሬ ያህል ተሸረፈ። አባዬ አልጮኸብኝም። ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ያበላሸኸውን አንተው ሳለው፣ የተሸረፈው እስኪጠፋ ከመሳያው ድንጋይ እንዳትነሳ ብሎኝ ወጣ።

እኔ ሆዬ ቤቴል ሄጄ ከረንቡላ ስጫወት ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ስገባ አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ስለኸዋል?" አለኝ።

"ስዬዋለሁ" አልኩት፣ ዓይኑን እያየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቢላው አንገቱን ሲነካው በሬው የታሰረበትን ገመድ በጥሶ ተወራጨና አባዬን ደረቱ ላይ ረገጠው። በሬውን ሌላ ሰው በሌላ ቢላ ጨረሰው፤ የአባዬን ቢላ እማዬ አጥባ አስቀመጠችው። አባዬ ሦስት ወር ተኛ። ሐኪሞቹ ሳንባው ነው አሉ፣ ጎረቤት ቀኑ ደርሶ ነው አለ። እኔ ግን ቢላው ዱልዱም ስለነበር ነው አልኩ፣ ለራሴ ብቻ። ስለታም ቢሆን በሬው መች ለመራገጥ ጊዜ ያገኝ ነበር? ይባስ ብሎ ትራሱን ሳስተካክልለት፣ በዚያ በደከመ ድምፁ "ጥሩ ስለት ነበረው፤ እጅህ ይባረክ" ይለኛል። አንድ ቀን አይደለም፣ ደጋግሞ። ልነግረው አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ። ሳልነግረው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ በዓል መጣ ማለት ለእኔ መከራ ነው። ከየግቢው ቢላ ሲሳል እሰማለሁ፣ ከዚያ ድምፅ ሥር ደግሞ "እጅህ ይባረክ" የሚለውን እሰማለሁ። አንዴ አየር ጤና ፌርማታ ላይ ከኋላዬ በጣም ጥርት ብሎ ስለመጣብኝ "አቤት!" ብዬ ዞርኩ። የቆሙት የማላውቃቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ደንግጠው ካጠገቤ ራቁ። ሚስቴ ጸበል ሂድ ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት?

ዘንድሮ ለስቅለት እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በቀጥታ ጓዳ ገባች። ቢላውን አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሳልሞት ሥራ ላይ ሲውል ልየው፣ ቀለሙን አስለቅቀህ ለእሁድ አድርስልኝ አለች። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ። አንዱ ጎረቤት እሳት ላይ ጣል አድርገው፣ ቀለሙ ራሱ ይላጣል ብሎኝ ነበር። እሳት ግን የብረቱን ጥንካሬ ይገድላል፤ ይህንንም የነገረኝ አባዬ ነው። ጨርቅ በቲነር ነክሬ ቢላውን ጠቀለልኩትና በፌስታል አሰርኩት። ስፈታው ቀለሙ አብጦ ተጨማዷል። በእንጨት ፍቄ አነሳሁትና አንዱን ጎን መጀመሪያ በሻካራ፣ ከዚያ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት እያስነካሁ አሸሁት። ስለቱ ጋ ስደርስ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞራለሁ። የተሸረፈውን ማየት ፈርቼ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ሰውዬ!

ያ ጎን ፊቴን እስኪያሳየኝ ጠራ። ሌላውን ልጀምር ስገለብጠው እጄ አዳለጠኝና ስለቱ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ያኔ የግዴን አየሁት። የተሸረፈው ቦታ የለም። ከእጀታው እስከ ጫፉ ደጋግሜ ፈለግኩ፤ የለም። ባላሸሁት ጎን፣ ስለቱ ጥግ ጥጉን፣ ቀጫጭን የድንጋይ ጭረቶች አሉ። ያጋደሉት በተቃራኒ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚስል ሰው እንዲህ አይጭርም። በቤታችን ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ይሄን መቼ ሳለው አልኳት። እሷ እንደነገረችኝ፣ ያን ቅዳሜ ከሥራ ሲገባ የመሳያ ድንጋዩን ቢነካው ደረቅ ሆነበት፣ እንዳልሳልኩትም ገባው፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ራሱ ስሎ ጨርሶ ነበር። በረንዳው ላይ ሲጠይቀኝ ማለት ነው፣ ስሎት ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳትነግሪው ብሎኝ ነዋ" አለች። "'ራሱ ይነግረኛል' ብሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ጠብቆሃል፣ ልጄ።"

አልገደልኩትም። ይህን ለመስማት አሥራ አንድ ዓመት ለምኛለሁ፤ ስሰማው ግን ቢላውን ታቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እጅህ ይባረክ ባለኝ ቁጥር እውነቱን እንድነግረው በሩን እየከፈተልኝ ነበር። እኔ ትራሱን አስተካክዬ እወጣ ነበር።

ያንን ጎን የብርጭቆ ወረቀት አላስነካሁትም። ቲነሩን በጨርቅ ወልውዬ፣ ዘይት ቀብቼ ተውኩት።

እሁድ ጠዋት አሁን የሚያርዱልን ሽማግሌ ቢላውን ተቀብለው አገላበጡት። አንዱ ጎን መስተዋት፣ ሌላው ጭረት በጭረት። ቀና ብለው አዩኝ።

"ስለኸዋል?" አሉኝ።

"አልሳልኩትም" አልኳቸው። "አባቴ ነው የሳለው።"