ለመታወቂያ የተሠራው ሹሩባ

ትናንት ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ እናቴ ቤት፣ የልብስ ሳጥን ስፈትሽ ያቺ ባለ ጭራ ማበጠሪያ እጄ ገባች። ሦስት ጥርሷ ተሰብሯል። አሸተትኳት። የኮኮናት ዘይቱ ሽታ ዛሬም አለባት ወይስ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እንጃ። ብቻ እንደያዝኳት እዚያው ቁጭ አልኩ።

ምን ልበልሽ፣ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ እህቴ አሥራ ስምንት ሞልቷታል። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርድ ነበር። የዚያን ቀን ለኪታምቡሊሾ፣ ለመታወቂያው ማለቴ ነው፣ ሽማግሌዎች ፊት ትቀርባለች። ከድንበሩ ማዶ፣ የኢትዮጵያ ሰው አለመሆንሽን እነሱ ካላመኑ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለሽ ደግሞ ናይሮቢ ሳትደርሺ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ያወርዱሻል። እሷን ናይሮቢ ያለ የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሏት፣ የሚጠብቃት እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነበር። አባታችን የዚሁ የኬንያ ሞያሌ ሰው፣ የሎሪ ሾፌር ነበር፤ ሞቷል። እናታችን ግን ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣች ባለ ሻይ ቤት ናት።

እናቴ በጠዋት ወደ ሥራዋ ስትወጣ፣ «ወደ ኋላ ሰብስበሽ እሰሪላትና ሻሽ ታድርግ። በቃ! ሌላ ነገር እንዳትጀምሪ» ብላኝ ነበር።

እኔ መቼ ሰምቼ! ዕድሜ ልኳን የምትይዘው ፎቶ ነው፣ ማማር አለባት አልኩ። በረንዳው ላይ እግሬ መሀል አስቀመጥኳትና እናቴ ያስተማረችኝን ቀጫጭን ሹሩባ ከግንባሯ ጀምሬ ጎነጎንኩ። ጫፎቹን ወደ ላይ ሰብስቤ አናቷ ላይ ጠመጠምኩት። ፀሐይ በርትቶ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጣጣል። «ኧረ ቀስ በይ፣ ቅንድቤን ሰቀልሽው እኮ!» እያለች ትስቃለች። መጀመሪያ ፎቶ ቤት ሄድን። ሹሩባው እንዳይበላሽ ብዬ ሻሹን በእጄ የያዝኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ስንቀርብ፣ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጡት ምዜ፣ ትልቁ ሽማግሌ ማለቴ ነው፣ ወረቀቷን ገና ሳያዩ አናቷን አዩ።

«ይሄ የሐበሻ ሹሩባ ነው» አሉ በቦረንኛ። «አባትሽ የታሉ?»

«ሞተዋል፣ ምዜ። እዚሁ ሎሪ ይነዱ ነበር…»

«ለሚመጣው ዓመት የሚያውቅሽ ሰው ይዘሽ ነይ።» ቀጣዩን ጠሩ።

ሻሹ እንደተጣጠፈ እጄ ላይ ነበር። ምነው ያን እጄን በቆረጠው!

እናቴ ስትሰማ፣ «ምን ብዬሽ ነበር? አንቺ ልጅ፣ ምን ብዬሽ ነበር?» እያለች ደረቷን ደቃች። እህቴ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና ማበጠሪያዋን አቀበለችኝ፣ «ፍቺልኝ» ብላ። አንድ በአንድ ፈታሁት። «አይዞሽ፣ አምሮብኝ ነበር እኮ» አለችኝ። እኔን ታጽናናኛለች! ያኔ ነው ተንሰቅስቄ ያለቀስኩት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ያለ መታወቂያ ከብት በጫነ ሎሪ ላይ ወጣች። ኬላ ሲቃረብ ወርዳ በጫካው በእግሯ ልትዞር፣ ሎሪው ወዲያ ማዶ ሊጠብቃት ነበር ስምምነቱ። «አሁን ልወርድ ነው» ብላ ደወለች። ሎሪው ጠበቀ፤ እሷ አልመጣችም። ያልጠየቅነው ሰው፣ ያልረገጥነው ጣቢያ የለም። ይኸው ዘጠኝ ዓመት።

እናቴ ሻይ ቤቷ ለሚገባ ሾፌር ሁሉ ያንን የመታወቂያ ፎቶ ታሳያለች። ሌላ ፎቶ የላትማ! ዛሬ ጠዋትም ለአንዱ ሰጠችው። ሰውየው ቀረብ ራቅ አድርጎ አየና፣ «ኢትዮጵያዊት ናት?» አላት።

«የዚህ አገር ልጅ ናት» አለች እናቴ፣ ቶሎ ብላ።

«አላየኋትም፣ ማማ። ፀጉሯ ግን ሲያምር! ማን ነው የሠራት?»

ሻይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ ሹሩባ አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም። ፎቶውን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«እህቷ» አለች። «ስትመለስም የምትሠራት እሷው ናት።»